በመቁጠሪያ የሚያስሮጡት ጋሽ ጫኔ

መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እጄ ከብዕር ይልቅ እንዝርት ለምዷል። ሰው ፊት ለመናገር አፍራለሁ፤ ወረቀት ፊት ደግሞ የባሰ አፍራለሁ። ይህችን ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ባለቤቴ ወልደ ጻድቅ «ምንድን ነው የምትጭሪው?» ሲለኝ «የእህል ነገር ነው» ብዬ ዋሸሁት። ስለ ጋሽ ጫኔ የተማረ ሰው ይጽፋል ብዬ ብጠብቅ ግን ማንም አልጻፈም። የተማረው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ መንገድ ይቀይራላ! ስለዚህ የጎደለውን እናንተ ሞልታችሁ አንብቡልኝ።

ራሱ ሳይሮጥ ሰው የሚያስሮጥ ሰው የሌለበት አገር የለም። እናንተም ዘንድ አለ። ጥላ ስር ተቀምጦ የሚያርሰውን ሰው «ሞፈሩን ጫን አድርገው» የሚል፣ ወጡን ሳይቀምስ ጨው የሚያዝ፣ ሚስት ሳያገባ የሰው ትዳር የሚያስታርቅ። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር በየቀበሌው አንድ አንድ አድሎ ሲጨርስ ትልቁን ለመንዝ አስቀረው። የእኛው ጋሽ ጫኔ ናቸው። እኛ በጎረቤት ወግ ሹመት ሰጥተናቸው «ሊቀ ሩጫ ዘመንዝ ወዘግሼ» እንላቸዋለን። መርሐቤቴ ገና አላጸደቀላቸውም።

ሥራቸው ባና፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ልብሳችንን፣ መሥራት ነው። እግራቸው ከንጋት እስከ ማታ ከሽመናው ጉድጓድ አይወጣም። ሲሮጡ ያየ ሰው የለም። አንድ ዓመት ጅብ ከበጎቻቸው መሐል ገብቶ እንኳን ቀስ ብለው ነው የሄዱት አሉ። የሩጫ ውድድር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ለሐኪም ብለው አዲስ አበባ ሄደው፣ ስታዲየም በር ላይ ቆመው፣ ትኬት ስላልነበራቸው የውስጡን ጩኸት ብቻ ሰምተው ተመለሱ። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሯቸው አልወጣም። «ጌታነሽ፣ ሃያ ሺህ ሰው ስለ አንድ ልጅ እግር ሲጮህ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። እኔ እንኳን ሃያ ሺህ ሰው፣ ሃያ ሰው ስለ እኔ ቢናገር መሬት ይዋጠኝ የምል ነኝ።

ሰው ሲያዩ አረማመዱን ነው የሚያዩት። የደብሩን አለቃ አባ መርስዔ ኃዘንን «አባቴ፣ እርስዎ የመካከለኛ ርቀት ሰው ነበሩ፤ ቅስናው ቀደመዎት» ይሏቸዋል። ባለቤቴ ወልደ ጻድቅ አንድ ቀን ጠላ ቤት «ጋሽ ጫኔ፣ እኔስ የምን ርቀት ነኝ?» ቢላቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «አንተ ወልደ ጻድቅ፣ አንተ ርቀት የለህም» አሉት። እስከ ዛሬ ያኮርፋቸዋል።

ከሁሉ የሚብሰው «በአፍንጫ!» የሚሉት ነገር ነው። አየር በአፍንጫ ካልገባ ሰው ሰው አይሆንም ባይ ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ሲቆጣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ በአፍንጫ!» ይሉታል። ሬሳ ተሸክመው ዳገት ለሚወጡ ሰዎች «በአፍንጫ! ቀስ! በአፍንጫ!» ብለው ጮኸው የሟቹ ወንድም እንባውን ጠርጎ ሊጣላቸው ነበር። የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ሴቶቹ ውስጥ «ማርያም! ማርያም!» ሲሉ፣ ከግድግዳው ውጭ የሳቸው ድምፅ «በአፍንጫ በሏት!» ሲል ሰምቻለሁ። ተናድጄ ሳላስበው ወለድኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ልጄ ብርነሽ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ውኃ ቀድታ፣ ሱፍ ባዝታ ስትጨርስ ሰዓት ስለሚሄድባት ትምህርት ቤት የምትደርሰው እየሮጠች ነው። ጋሽ ጫኔ ከሽመናው ጉድጓድ ሆነው በመስኮት ያዩዋታል። ሰዓት የላቸውም። ዱሮ ዲያቆን ስለነበሩ ያላቸው መቁጠሪያ ነው፤ አርባ አንድ ፍሬ ያለው። በአንድ ፍሬ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ፣ ልጄ ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ስንት እግዚኦታ እንደሚፈጅባት ከዓመት በላይ ሲቆጥሩ ኖረዋል። እኛ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ ቀን ቤታችን መጡ። ወልደ ጻድቅ አልተነሣላቸውም፤ ኩርፊያው አልወጣለትማ።

«ልጅህ አንድ መቁጠሪያ ከሠላሳ ፍሬ ትፈጅ ነበር፤ ዛሬ ልክ አንድ መቁጠሪያ ገባች» አሉት።

«ምን ማለት ነው?»

«ዘጠነኛ ክፍል ማለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ያኔ ደብረ ብርሃን መውረድ ነበረባት። እዚያ ዘመድ የለንም፤ ቤት መከራየት አይታሰብም። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የስፖርት ክለብ ግን በግንቦት መሐል ሜዳ ላይ የልጃገረዶች ሩጫ ሊያደርግ ነው። አንደኛ የወጣችውን አንዲት ልጅ ወስዶ፣ እያበላና እያሳደረ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያስተምራል።

ለብርነሽ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ መሬቱም ደህና ነው። ወልደ ጻድቅ ቃል ለመስጠት የሚቀረው ትንሽ ነበር። በመጨረሻ ግን «ካሸነፈች ትማር። ካላሸነፈች በጥር ትዳራለች። ከዚያ በኋላ እርስዎም መቁጠሪያዎትን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያንዎ» አለ።

ብርነሽን ዞሬ አየኋት። ሱፉን ይዛ ጭንቅላቷን አቀርቅራለች። እጇ ግን አይሠራም። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የተዳርኩት። ፊደል ያየሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ። አንድ ቃል ልናገር ፈልጌ ሳልናገር ቀረሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ከንጋት በፊት ይወስዷታል። መንገዱ ታውቋል፤ ከቀበሌው አዳራሽ ተነሥቶ፣ በኪዳነ ምሕረት ደጅ አልፎ፣ ሜዳውን ዞሮ፣ ገበያው ላይ ያልቃል። እሳቸው ባናቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሷ ትሮጣለች። «ገና ነው! ገና ነው! ጉልበትሽን ለመጨረሻ አቆዪ! በአፍንጫ!» ጎረቤቱ ሁሉ በሳቸው ድምፅ ነው የሚነሣው። አውራ ዶሮዎች ሥራ ፈቱ።

እኔንም አልማሩኝም። «በሶው ወፍራም ይሁን። እንቁላሉን አትንፈጊያት። ልጅቱን ውኃ አታሸክሚያት፤ አንቺ ቅጂ» ይሉኛል። እንስራዬን ይዤ በእሳቸው በር እንዳላልፍ በጓሮ መዞር ጀመርኩ። ግን አንድ ቀን ከጓሮ ስወጣ ቆመው አገኘኋቸው። «ጌታነሽ፣ አንቺም አረማመድሽ ደህና ነው፤ ጊዜሽ አለፈ እንጂ» አሉኝ። ተቆጣሁ፤ ቤት ገብቼ ብቻዬን ስሆን ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ሁለት እርምጃ ተራምጄ እግሬን አየሁት።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካላቸውም። ብርነሽ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ስትደርስ ትቆማለች። ታማትባለች፣ ሦስት ጊዜ ትሰግዳለች፣ የግቢውን በር ትሳለማለች፤ ከዚያ ትሮጣለች። ይህ አሥራ ሁለት ፍሬ ይፈጃል።

«አንቺ ልጅ፣ እየሮጥሽ ተሳለሚ!»

«እየሮጡ ይሳለማሉ ጋሼ? በእመቤቴ ደጅ እንደ ሌባ ልለፍ?»

ዲያቆን የነበረ ሰው ለዚህ ምን ይመልሳል? «ይሁን፤ ደጇ ሩጫው መጀመሪያ ላይ ነው። አሥራ ሁለቷን ፍሬ ሜዳው ላይ ታስመልሳለች» ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ግንቦት 15 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ እሑድ። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። አሥራ ዘጠኝ ልጃገረዶች መጥተዋል። ከግሼ፣ ከራቤል ኮከቤ የምትባል ቀጭን ረዥም ልጅ ከመምህሯ ጋር መጥታለች። ጋሽ ጫኔ ኮከቤ ስትራመድ አንድ ጊዜ አዩና መቁጠሪያቸውን አጥብቀው ያዙ። «ግሼ በግ እንጂ ሯጭ አያረባም» አሉ ጮክ ብለው። ወደ እኔ ዞረው ግን «ይቺ ልጅ ትሮጣለች» አሉ በሹክሹክታ።

የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ ጓድ መኳንንት ድምፅ ማጉያውን ያዙ። (አባታቸው ይህን ስም ሲያወጡላቸው አብዮት ይመጣል ብለው አላሰቡም።) «የሩጫው ፍጻሜ መድረኩና ባንዲራው ባለበት በቀበሌው አዳራሽ ፊት እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ መነሻው ገበያው ነው» አሉ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሽ ጫኔ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ገባሽ ጌታነሽ? መንገዱ ተገለበጠ! ኪዳነ ምሕረት መጨረሻ ላይ መጣች! ከደጇ እስከ አዳራሹ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። አሥራ ሁለት ፍሬ የት ታስመልሳለች?»

ወደ አባ መርስዔ በረሩ አልልም፤ ፈጠን ብለው ሄዱ። እኔም ተከተልኩ።

«አባቴ፣ ለዛሬ ብቻ ሳትሳለም እንድታልፍ ይንገሯት።»

«ልጄ፣ እኔ ስገጂ ብዬ አላስገደድኳት፤ አሁን አትስገጂ ልበላት?»

«ይበሏት እንጂ!»

«አንተ በላት።»

«እኔማ ዲያቆን ነበርኩ!»

«እኔማ ቄስ ነኝ!»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። «አንቺ እናቷ ነሽ» አሉኝ ጋሽ ጫኔ። ሄድኩ። ብርነሽ አጎንብሳ የሸራ ጫማዋን ክር ታስራለች። ቀና ብላ «ምነው እማ?» አለችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ልጄ ሆይ፣ ዛሬን እለፊያት። አፌ ላይ ደረሰ። አልወጣኝም። «በርቺ» አልኳትና ተመለስኩ።

ጋሽ ጫኔ ሁሉን ከፊቴ አነበቡት። ራሳቸው ሄደው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ስሚኝ። ሁለት ወር ያስተማርኩሽን እርሺው። ዛሬ ገና ነው የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያዋ እርምጃ ሂጂ። ኪዳነ ምሕረት ደጅ ስትደርሺ ተከታይሽን በሃያ ፍሬ ቅደሚ። አሥራ ሁለቱ ለእመቤታችን፣ ስምንቱ ለዘጠነኛ ክፍል።»

ፊሽካው ተነፋ። ልጄ እንደ ተፈታ ጥጃ ወጣች። ሰው «ይቺ ልጅ አበደች፤ አሁን ትወድቃለች» አለ። እኔና ጋሽ ጫኔ አቋርጠን ኪዳነ ምሕረት ደጅ ሄደን ቆምን። ከዚያ ሆኖ ሜዳው ሁሉ ይታያል። አሥራ ዘጠኙ ልጆች ርቀው ጉንዳን አክለዋል። አንዷ ቀድማለች፤ ቀሚሷን በመቀነቷ ያሰረችው። ኋላዋ ግን አንዲት ረዥም ልጅ አለች፤ እንደሌሎቹ አትቀርም።

«እግዚኦ መሐረነ፣ እግዚኦ መሐረነ» ጋሽ ጫኔ ይቆጥራሉ። በልጄና በተከታይዋ መካከል መጀመሪያ ሃያ አንድ ፍሬ አሉ። ዳገቱ ላይ አሥራ ስድስት። ልጄ ፊቷ ሲታየን «ዘጠኝ» አሉ። «ጌታነሽ፣ ዘጠኝ ብቻ ነው ያላት።»

ዘጠኝ ፍሬ። ስግደቱ አሥራ ሁለት ይፈልጋል። እኔ ትምህርት ቤት ባልገባም ይህችን ሒሳብ አወቅኳት። ጥር ወር ፊቴ ቆመ።

ብርነሽ ደረሰች። ቆመች። አማተበች። ተንበርክካ ግንባሯን መሬት አስነካች።

«አንዱ ይበቃል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ጫኔ። «ሂጂ! ሁለቱን እኔ እሰግድልሻለሁ!» ይህን ብለው ከነባናቸው መሬት ላይ ተደፉ። ሽማግሌው ባንድ በኩል፣ ልጄ ባንድ በኩል፤ ማን ለማን እንደሚሰግድ አይታወቅም። እሷ ግን ሦስቱንም ሰገደች። በሩን ተሳለመች። ተነሥታ ስትሮጥ ኮከቤ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ደርሳ ነበር።

ጋሽ ጫኔ ግንባራቸው አፈር እንደሆነ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አለፈቻት?» አሉኝ።

አላለፈቻትም። ኮከቤ ቆማለችና። አማተበች። ተንበረከከች። አንድ። ሁለት። ሦስት። የሰው አገር ታቦት ስለሆነባት ነው መሰለኝ፣ ለእንግድነቷ አራተኛ ጨመረች። በሩን ተሳልማ ተነሣች። ከኋላዋ ሦስተኛዋ ደረሰች፤ እሷም ቆመች። አራተኛዋም፣ አምስተኛዋም። የኪዳነ ምሕረት ደጅ የበዓል ቀን መሰለ።

ጋሽ ጫኔ ዓይናቸውን ገልጠው አዩ። አፋቸው ተከፈተ።

«እነሱም?»

«ጋሽ ጫኔ፣ እነሱስ ከየት የመጡ መሰለዎት?» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው።

«ለካ እነሱንም እናት ናት ያሳደገቻቸው!» አሉና ራሳቸውን በመዳፋቸው መቱ። ሁለት ወር የአንዲት ልጅ እግር ሲቆጥሩ የሌሎቹን እናቶች ረስተዋል።

ከአዳራሹ በኩል እልልታው ሲነሣ እኔም ጮኽኩ። ሰው ፊት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ልጄ አንደኛ ወጣች! ደርሰን ስናያት ወልደ ጻድቅ ትከሻው ላይ አውጥቷት ሜዳውን ይዞራል፤ ርቀት የለህም የተባለው ሰውዬ። «የእኔ ልጅ ናት! የእኔ!» ይላል፤ የካደው ሰው ያለ ይመስል።

ጓድ መኳንንት ግን ፊታቸውን ቋጥረው ጋሽ ጫኔን ጠሩ።

«ጓድ ጫኔ፣ ልጆቹ ለምንድን ነው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የቆሙት?»

ያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስበት ዘመን አልነበረም።

«የአተነፋፈስ ስልት ነው ጓድ» አሉ ጋሽ ጫኔ ሳይስቁ። «ዝቅ ብሎ አየር መሳብ። በአፍንጫ።»

ጓድ መኳንንት የመንዝ ልጅ ናቸው። ዝቅ ብለው ጫማቸውን አዩ። ቀኝ እጃቸው ወደ ግንባራቸው ተነሥቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ጆሯቸውን አከከ። «ስልት ነው ካሉ ስልት ነው። የገባችበትስ ሰዓት ስንት ነው?»

«አሥራ አራት መቁጠሪያ ከስምንት።»

«በደቂቃ?»

«ሰዓት ያላችሁ እናንተ፤ ደቂቃውን እናንተ ፈልጉት።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ሊያስሩዋቸው ነው ብዬ ወልደ ጻድቅ ጀርባ ተደበቅኩ። ጓድ መኳንንት ራሳቸው ሳቁ፤ ወደ መድረኩ ወጡና አስታወቁ። «አሸናፊዋ ብርነሽ ወልደ ጻድቅ በመስከረም ደብረ ብርሃን ትገባለች። ምግቧ፣ መጽሐፏ፣ ዘመናዊ ባለ ሁለት ፎቅ አልጋዋ ተዘጋጅቷል!»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ለሌላ ሰው ያልቅ ነበር።

«ጓድ» አሉ ጋሽ ጫኔ። «ላይኛው አልጋ የማን ነው?»

«ምን?»

«አልጋው ባለ ሁለት ፎቅ ነው ብለዋል። ብርነሽ ታች ተኛች። ላይ ማን ይተኛል?»

«ጓድ ጫኔ፣ አሸናፊ አንዲት ናት።»

«አልጋው ግን ሁለት ነው። ሰፊው ሕዝብ ባዶ አልጋ ይወዳል?»

ሕዝቡ «አይወድም!» አለ፤ ስብሰባ ለምዶ።

«ደግሞ» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ሯጭ ከኋላዋ ኮቴ ካልሰማች ትተኛለች። ያቺን የራቤል ልጅ ላኩልኝ። ለኔ ልጅ ስል ነው።»

ዞር ብዬ ኮከቤን አየኋት። ከመምህሯ ጎን ቆማ፣ ማንም ሳያያት፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች። ጋሽ ጫኔም የሚያዩት እሷን ነበር። የልምምድ ነገር አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ በጓሮ እየዞርኩ የሸሸሁት ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህ ሰው የሚያሳዝነው የተሸነፈ እግር ነው።

ጓድ መኳንንት ከክለቡ ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ቆይተው ወረቀታቸው ላይ አንድ ስም ጨመሩ። እልልታው ከመጀመሪያው በለጠ።

ኮከቤ ግን አልሳቀችም። እኔ ወደቆምኩበት መጥታ፣ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእኔ፣ «እሜቴ፣ አባቴ መምጣቴን አያውቅም። እኔንም ሊድሩኝ ነው» አለችኝ። ለጋሽ ጫኔ ነገርኳቸው። «ታዲያ ነገ ራቤል እሄዳለሁ፤ ሰውየውን አናግረዋለሁ» አሉ፤ ውኃ ልቅዳ እንደሚል ሰው።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ጋሽ ጫኔ አባትየውን «በአፍንጫ» ሲሉት ታየኝ። አባት ተቆጥቶ ሲያባርራቸው ታየኝ። እናቲቱ ደግሞ ምድጃ አጠገብ አጎንብሳ፣ የምትለውን እያወቀች ሳትናገር ታየችኝ። እሷን ማንም አይጠይቃትም። እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ ቆሎ ቆላሁ፣ በሶ በጨርቅ ቋጠርኩ፣ ደህናዋን ነጠላዬን ለበስኩ። ወልደ ጻድቅ ከአልጋው ቀና ብሎ አየኝ።

«ወዴት ነው?»

«ራቤል። ከጋሽ ጫኔና ከልጅቱ ጋር። እናቲቱን እኔ አናግራታለሁ።»

«አንቺ? ሰው ፊት? ምን ልትያት ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። «መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ እስከዚያ አስባለሁ።» በጎቹን ለእሱ ትቼ ወጣሁ።